ዱዓና ክሎክ ኢን

አባቴን የምጦረው በደመወዝ ነው። ይህን ስናገር ፊታቸውን የሚያዞሩብኝ አሉ። ያዙሩ። እነሱ አባታቸውን ደሴ አስቀምጠው በበዓል ቀን ኮል የሚያደርጉ ናቸው። እኔ ገላ አጥባለሁ፣ ጥፍር እቆርጣለሁ፣ ካልሲ አጠልቃለሁ፣ በዚያ ላይ እሰደባለሁ።

እዚህ ኦሃዮ ሽማግሌ መጦሪያ ቤት ከሚገባ ቤቱ ቢቀመጥ ለመንግሥት ይረክሳል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ለሚረዳው ሰው በሰዓት ይከፍላሉ፤ ረጂው የገዛ ልጁ ቢሆንም ይፈቀዳል። ዌርሃውስ፣ የዕቃ መጋዘን ውስጥ፣ ካርቶን ስጭን ወገቤ ሲጎዳ ሥራውን ትቼ አባቴን ያዝኩ። ካርቶን ይሻላል። ካርቶን አይነጫነጭም።

ስለ ክፍያው አልነገርኩትም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ጠዋት ጠዋት እግሩን ሳጥበው ግን እጁን ዘርግቶ ዱዓ ያደርግልኝ ነበር። የወሎ ሽማግሌ ዱዓ ሲያደርግ አይቸኩልም፤ ከልጅ ልጅ ተነስቶ እስከ መኪናዬ ጎማ ያዳርሳል። እኔም ጎንበስ ብዬ አሚን፣ አሚን እላለሁ። ከዚያ ሰውዬ የቀረኝ ዱዓው ብቻ ነው። አገር ቤት የነበረው ወፍጮ ቤቱ ተሽጧል። ትምህርቱን ለታላቅ ወንድሜ ሰጥቶታል፤ "ከአንድ ቤት አንድ የተማረ ይበቃል" ብሎ እኔን እህል ሲያሸክመኝ አደግኩ። የተማረው ዛሬ አዲስ አበባ ተቀምጦ ሲመቸው ይደውላል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት አርባ ካለፈኝ በኋላ፣ የዌርሃውሱ ብሬክ ሩም ውስጥ፣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ካርቶን ላይ እየጻፈልኝ ነው።

ከዚያ ሪፎርም መጣ። መንግሥት የትም አገር "ማሻሻያ" ሲል ኪስህን መያዝ ነው። ጉዳያችንን የምትከታተለው ኬዝ ማናጀር ኒር ኢስት ሳይድ ሰፈር ካለው የኪራይ ቤታችን መጥታ አስረዳችን፤ ልጄ አስተረጎመች። ምግብ ማብሰልና ልብስ ማጠብ ከእንግዲህ አይከፈልም፤ አብራችሁ ስለምትኖሩ ለራስህም ታበስላለህ ተባልኩ። የገላውና የመድኃኒቱ ሰዓት ደግሞ በስልክ ይመዘገባል። ስጀምር ክሎክ ኢን፣ ስጨርስ ክሎክ አውት፣ ከዚያ አባቴ በጣቱ ስልኩ ላይ ይፈርማል። ያልተመዘገበ ሰዓት እንዳላስፈለገን ተቆጥሮ በሚቀጥለው ግምገማ ይቀነሳል።

አባቴ ጣቱን አንጠልጥሎ ቀረ።

"ምንድን ነው የምታስፈርመኝ? ቤቴን ልትሸጠው ነው?"

"ቤት የለህም፣ አባዬ። ሥራ መሥራቴን ነው የምትፈርምልኝ።"

"የምን ሥራ?"

"አንተን ማጠብ።"

"ማን ሊከፍልህ?"

"መንግሥት።"

ዞሮ ልጄን አያት። "ኢትስ ትሩ፣ አያቴ" አለችው። ፈረመና ጣቱን ብርድ ልብሱ ላይ ጠረገ።

በማግስቱ እግሩን አጥቤ ስጨርስ እጄን ዘርግቼ ጠበቅኩ። እሱ ካልሲውን ይጠብቃል።

"ዱዓውስ?"

"ተከፍሎሃል።"

"አባዬ!"

"ወፍጮ ቤቴ ስንት ሠራተኛ ነበረኝ። ደመወዜንም ዱዓዬንም ያለኝ የለም።"

"አንዱ እኔ ነበርኩ። ደመወዝ አልሰጠኸኝም።"

"ዱዓ አደረግኩልህ። ይኸው አሜሪካ ገባህ።"

ዲቪውን የሞላልኝ ጎረቤት ነው ብለው አይሰማም።

ከዚያ ወዲህ ሽማግሌው የራሱን ሪፎርም አወጣ። ስልኬን በአገጩ እየጠቆመ "ጀምሯል?" ይላል። ጀምሯል ካልኩት እጁን ብርድ ልብሱ ውስጥ ይከታል። ስቴቱ የቆረጠው ምግብ ግን ወደ ዱዓ ዞረ። ሾርባ ሳቀርብለት "ይቺን አይከፍሉህም አይደል?" ብሎ ያጣራና እጁን ያወጣል። አጭር ናት ታዲያ፤ ሾርባ የሾርባ ያህል ነው የምታስመርቀው። ረጅሙ የእግር እጥበቱ ነበር። እሱን መንግሥት ወረሰው።

ፍራንክሊንተን ሰፈር ጎማ ስናስቀይር ለአንድ ሾፌር ጓደኛዬ ብነግረው በሳቅ ፈረሰ። "ክሎክ ኢን አድርገህ ስልኩን ደብቀዋ፣ አንተ ጅል!" አለኝ። ደበቅኩት። አባቴ አልጀመረም ብሎ አምኖ ዱዓውን አንቆረቆረው። ሲያበቃ ግን መፈረም ነበረበት፤ ካልሲውን ሳጠልቅለት ስልኩን አወጣሁለት።

"መልስ" አለኝ።

"ዱዓ እንዴት ይመለሳል?"

"አላህ ያውቅበታል።"

ኬዝ ማናጀሯ ደውላ "ኤኒ ፕሮብሌም?" ስትለኝ ምን ልበላት? መንግሥታችሁ ምርቃቴን ቀማኝ ልበላት?

ግምገማው ሲቃረብ የአባቴ እግር አበጠ። ሐኪሙ ልቡ ደክሟል አለን። በማግስቱ ጠዋት ውሃውን ለብ አድርጌ ይዤ ገባሁ።

"ጀምሯል?" አለኝ፣ ድምፁ ወርዶ።

"ዳድ፣ ክሎክ ኢን!" አለች ልጄ ከበሩ ላይ ሆና። ሰዓቱ ከጎደለ እንደሚቆርጡብን፣ የቤት ኪራዩም ከዚያው እንደሆነ እሷም ታውቃለች።

ስልኩን ከኪሴ አውጥቼ ለእሷ ሰጠኋት።

"አልጀመረም" አልኩት።

"ኋላ ትጀምረዋለህ?"

"አልጀምረውም።"

አጠብኩት። ያበጠውን ቦታ ስነካ ቀስ አልኩ፤ በጣቶቹ መሃል አደረቅኩለት። ሲያልቅ እጁን አወጣ። መጀመሪያ ለወንድሜ ዱዓ አደረገ፤ ጥርሴን ነክሼ አሚን አልኩ። ቀጥሎ ለመንግሥት፣ "ልጄን ያበላህ፣ ልብ ይስጥህ" አለ። አሚን። ከዚያ መዳፉን ራሴ ላይ ጫነ።

"እኔ የነፈግሁህን ፊደል አላህ ሰጥቶሃል፤ የዓይንህን ብርሃን አይንሳህ። ከሰዓት ባርነት ያውጣህ። መጨረሻህን ያሳምረው። ልጅህ በነፃ ትጡርህ።"

"ኖ ዌይ" አለች ልጄ።

"ምን አለች?"

"አሚን አለች" አልኩት።

ግምገማው ሲደርስ ያልመዘገብኩትን የጠዋት ሰዓት ቆረጡብን። እኔም ማታ ማታ ዕቃ እያመላለስኩ መንዳት ጀመርኩ። የጠዋቱ እጥበት አሁን በነፃ ነው፤ ዱዓውም እንደ ድሮው ረዝሟል። እንቅልፍ እየጣለኝ "አባዬ፣ አሳጥርልኝ እንጂ" ስለው አንድ ዓይኑን ገልጦ ያየኛል።

"ምን አስቸኮለህ?" ይለኛል። "ማን ይቆጥርብሃል?"