ያልጮኸው የግራ ሴንሰር

የመኪና ኤሌክትሪሺያኑን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው «ፈታሹ» በሚል ስም ነው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ እውነታቸውን ነው። አንድ መኪና ግቢው ሲገባ ገና ከሰላምታ በፊት ስልኩን አውጥቶ ዙሪያውን ፎቶ ያነሳል። ጭረቱን፣ የተሰነጠቀውን መብራት፣ የጎደለውን ብሎን፣ ምንም አይቀረውም። «ይቺን አየሃት? ስትመጣ ነበረች!» ይላል ባለመኪናውን ክንዱን ይዞ እያዞረ። ባለመኪናው ሳይወድ በግዱ «አዎ፣ ነበረች» ካላለ ካቻቢቴ አያነሳም። የፈታውን ብሎን ቆጥሮ ጣሳ ውስጥ ይጨምራል፤ ምሳ በልቶ ሲመለስ ደግሞ ይቆጥራል። ማን እንደሚወስድበት እንጃለት፤ ግቢው ውስጥ ከሱ በቀር ነፍስ ያለው ፍጡር የለም።

ሲፈጠር እንዲህ ነበር ማለት ግን ሰውየውን መበደል ነው። በወጣትነቱ ተቀጥሮ ይሠራበት በነበረ ጋራዥ አንድ ደንበኛ «ራዲዮዬን የነቀልከው አንተ ነህ» ብሎ በሰው ፊት አዋረደው። ራዲዮው በሦስተኛው ቀን ከሰውየው ከራሱ ወንድም ቤት ተገኘ። ይቅርታ የጠየቀው አለ? ማን ሊጠይቀው! ከዚያ ወዲህ እንኳን ሰውን ጥላውንም አያምንም። የራሱን ግቢ ከከፈተ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድም ሰው «ሥራህ ተበላሸ» ብሎት አያውቅም። ይህንንም አፉን ሞልቶ ይነግራችኋል፣ ጠየቃችሁትም አልጠየቃችሁትም።

ከሰው ሁሉ አብልጦ የሚጠረጥረው ደግሞ የእህቱን ባል፣ ሾፌሩን ነበር። ታናሽ እህቱን ያሳደጋት እሱ ነው፤ እናታቸው ስትሞት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበረች። ሾፌሩ ሊያገባት የመጣ ዕለት ገና ከበሩ ፈገግ ብሎ ገባ፤ ፈታሹም ያን ፈገግታ አልወደደውም።

«ሰው እንዴት በባዶ ሜዳ ይስቃል? የሆነ ነገርማ አለ» አላት እህቱን ማታውኑ።

«ጋሼ ደግሞ! ደስ ብሎት ነዋ!»

«እኮ ምን አግኝቶ?»

«እኔን ነዋ!» አለችውና ትራሱን ወረወረችበት።

እንግዲህ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ሁለት ልጆች ተወለዱ። ሾፌሩ ሰክሮ አልገባ፣ እጁን አላነሳባት፣ ሥራ አልፈታ። ፈታሹ ግን ያ ሳቅ የደበቀውን ነገር አንድ ቀን ይዘረግፋል ብሎ አሁንም ይጠብቃል። ይገርማችኋል፤ ሰው መልካም ሆኖ በቆየ ቁጥር የሱ ጥርጣሬ ይብስበታል። «ምን ያህል ቢጠነቀቅ ነው እስከዛሬ ያልተያዘው?» ይላል።

ሾፌሩ የሚሠራው አንዲት ሴትዮ ችግኝ የሚያፈሉበትና የሚሸጡበት ግቢ ነው። ቫን ይነዳል፤ ከቫኑ ኋላ በመጎተቻው የብረት ኳስ ላይ ተሳቢ አያይዞ አፈርና ችግኝ ያመላልሳል። ግቢው ደግሞ ጠባብ ነው፤ ደንበኛው ሁሉ አጎንብሶ ማሰሮ ሲመርጥ ይውላል። ስለዚህ ሴትዮዋ ቫኑ ላይ የኋላ ካሜራና ነገር ሲቀርብ የሚጮህ ሴንሰር ይገጠምልኝ አሉ። ሾፌሩም «ከሚስቴ ወንድም የተሻለ ባለሙያ የለም» ብሎ ቫኑን እየነዳ መጣ።

«ምን ፈልጎ ነው እኔ ጋ ያመጣው?» አለ ፈታሹ በሆዱ። ፎቶ አነሳ። ጭረት አሳየ። «አየሃት? ነበረች።»

«ነበረች፣ ጋሼ» አለ ሾፌሩ እየሳቀ።

ሥራውን ግን ሥራ ብሎ ሠራው፤ እዚያ ላይ ሐሜት የለም። የኋላውን ፓራውልት በሜትር ለክቶ አራት ቀዳዳ በሳ፤ አራቱን ሴንሰሮች አንድ ባንድ አስገባ። ካሜራውን ከታርጋው በላይ ሰክቶ ወደ ታች አዘነበለው፤ ሾፌሩ ያለ ሰው እርዳታ ተሳቢውን ከኳሱ ላይ እንዲያሳርፍ ሴትዮዋ እንዲያ ይሁን ብለዋል። ከዚያ ሾፌሩን መሪው ላይ አስቀምጦ «የኋላ ማርሽ አስገባ» አለው። ሲያስገባ ጉድ ፈላ፤ የገጠመው ዕቃ ያለማቋረጥ ይጮሃል።

ለሙያተኛ ይሄ ብርቅ አይደለም። የመጎተቻው ኳስ ከፓራውልቱ አልፎ ይወጣል፤ መሃል ያሉት ሁለት ሴንሰሮች እሱን ያዩና «ልትገጭ ነው!» ይላሉ። መፍትሔውም ቀላል ነው። የኋላ ማርሽ ገብቶ፣ ከኋላ ምንም ሳይኖር፣ ከሴንሰሮቹ መቆጣጠሪያ በሽቦ የምትወጣዋን ትንሽ ቁልፍ አሥር ሰከንድ ያህል ተጭኖ መያዝ ነው። ያን ጊዜ ዕቃው ከፊቱ ያየውን ሁሉ የመኪናው አካል ነው ብሎ ያጠናል፤ ከዚያ በኋላ ለሱ አይጮህም። ፈታሹ ቁልፏን ሁልጊዜ መሪው ላይ ለተቀመጠው ሰው ሰጥቶ እሱ ገለል ብሎ ይቆማል።

«ስጠኛ ጋሼ፣ እኔ ልጫናት» አለ ሾፌሩ እጁን ዘርግቶ።

ፈታሹ እጁን አየው፣ ፊቱን አየው። ሌላ ነገር ነካክቶ ኋላ «አንተ ነህ ያበላሸኸው» ቢለኝስ? «አንተ ዝም ብለህ ፍሬን ያዝ!» አለውና የቁልፏን ሽቦ በግራው የኋላ መብራት ቀዳዳ በኩል ወደ ውጭ ሳበው። አሮጌ የባትሪ ሣጥኑን ከቫኑ ግራ ማዕዘን አጠገብ አደረገና ተቀመጠ፤ ከዚያ ሆኖ የሾፌሩ እጅ ምን እንደሚሠራ በስፖኪዮው ይታየዋል። ዓይኑን ከእጁ ላይ ሳያነሳ ቁልፏን ራሱ ተጫነ። ጩኸቱ ጸጥ አለ። ሽቦውን መልሶ፣ መብራቱን ገጥሞ፣ ከሩቅ ወደ ቫኑ ሲራመድ ጢጥ ጢጥ አለለት። «ይኸው፣ ውሰድ» አለ።

በሦስተኛው ሳምንት ሴትዮዋ ደወሉ። ችግኝ የሚያጠጡት አባባ ከቫኑ ግራ ማዕዘን ሥር ቁጢጥ ብለው የወደቁ ላስቲኮች ሲለቅሙ ሾፌሩ ወደ ኋላ ነድቶ ጥሏቸዋል፤ ቁርጭምጭሚታቸው ተሰብሯል። ፈታሹ ቴስተሩን ይዞ ሲደርስ ሾፌሩ ፊቱ አመድ መስሎ ቫኑን ተደግፎ ቆሟል።

«በስፖኪዮ አይቻለሁ፣ በካሜራውም አይቻለሁ፤ ከኳሱ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። ሴንሰሩም አልጮኸም። በልጆቼ እምላለሁ አልጮኸም!» አለ።

ፈታሹ ጆሮ አልሰጠውም። ማርሹን አስገብቶ ከስድስት እርምጃ ላይ ወደ ቫኑ ተራመደ። ጢጥ። ጢጥ ጢጥ። ሁለት እርምጃ ሲቀረው ቆመና ወደ ሴትዮዋ ዞረ።

«ሰምተዋል እትዬ? የኔ ሥራ ንጹሕ ነው። መፈተሽ ያለበት ሰውየው ነው።»

ዘጠኝ ዓመት የጠበቃት ቃል ናት፤ አፉ ላይ ጣፈጠችው። ሴትዮዋ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሾፌሩ የቫኑን ቁልፍ አስረከበ። ዞር ብሎ ፈታሹን አየው። ፈታሹ ይህንንም በጥፋተኝነት መዘገበበት።

በአራተኛው ቀን እህቱ ግቢው መጣች። አልተቀመጠችም።

«ልኮሽ ነው?» አላት ከሰላምታ በፊት።

«እሱማ እንዳልመጣ ለምኖኛል። ጋሼ፣ ማታ ማታ እንቅልፍ የለውም። አባባን ሊጠይቅ ሐኪም ቤት እየሄደ ደጅ ላይ ቆሞ ይመለሳል። የሰው እግር የሰበረ ሾፌር ተብሎ ከእንግዲህ ማን መሪ ይሰጠዋል? አንድ ነገር ብቻ ልለምንህ። ቫኑን እንደ ባዳ መኪና ፈትሸው። ሾፌሩ የኔ ባል መሆኑን እርሳው።»

«ፈትሼዋለሁ እኮ!»

«አልፈተሽከውም። ፈርደህበት ነው የሄድከው» አለችና ዕንባዋ ሲመጣ ጥላው ወጣች። አንጀቱን በላችው፤ አናደደችውም።

«እሺ፣ እፈትሸዋለሁ» አለ ለባዶው ግቢ። ምን ቢያስብ ጥሩ ነው? ሾፌሩ ጩኸቱ ሰልችቶት ሽቦ ቆርጦ ይሆናል፤ ካደጋው በኋላ ደግሞ ቀጥሎታል! የተቀጠለውን ቦታ አግኝቼ እህቴ ፊት አስቀምጠዋለሁ ብሎ ቫኑን ከሴትዮዋ አስመጣ። ግማሽ ቀን ሙሉ ሽቦ ለሽቦ ሄደ። ናስትሮውን እየላጠ፣ ማያያዣውን እየነቀለ፣ በባትሪ እያበራ አየ። አንድ የተነካ ነገር የለም። ሁሉም እሱ እንዳሠረው ነው።

በመጨረሻ ማርሹን አስገብቶ፣ የእጅ ፍሬኑን ስቦ፣ የግራውን መብራት ሊፈታ ከኋላ ዞረ። ሴንሰሩ ጢጥ ጢጥ እያለ ተቀበለው። ያንኑ የባትሪ ሣጥን ስቦ ተቀመጠ።

ጸጥ አለ።

ፈታሹ ካቻቢቴውን አየር ላይ ይዞ ቀረ። ተነስቶ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ጮኸ። ተመልሶ ተቀመጠ፤ ዝም። ሣጥኑ ላይ ባልዲ አስቀምጦ ራቀ፤ ዝም። ባልዲውን ወደ ቀኝ ማዕዘን ሲወስደው ዕቃው አበደ። ያን ጊዜ ክው አለ። ቁልፏን የተጫነው እዚሁ ተቀምጦ ነው፤ ዕቃውም የመጎተቻውን ኳስ ሲያጠና እሱን ከነሣጥኑ አብሮ አጥንቶታል። አባባ ቁጢጥ ያሉት ፈታሹ በተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው። ዕቃው እሳቸውን የቫኑ አካል አድርጎ ነው ዝም ያለው።

ወደ መንገዱ ዞር ብሎ አየ፤ ማንም የለም። ቁልፏን አሥር ሰከንድ መጫን ነው፣ በቃ። ሁሉም ይስተካከላል፣ ማንም አያውቅም፣ ሃያ ሁለት ዓመት የተገነባ ስም አይፈርስም። ላሳምረው አልፈልግም፤ ሰውየው ቁልፏን ፈልጎ አውጥቶ ጣቱን አሳርፎባታል። አሥር ሰከንድም አለፈ፣ ሃያም አለፈ፤ ጣቱ አልተጫነም። «አንተ ሌባ!» አለ ራሱን፣ ጮክ ብሎ። ቁልፏን እንደነበረች ትቶ ስልኩን አነሳ።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ግቢው ውስጥ ቆመዋል፤ ሴትዮዋ፣ አባባ በክራንች፣ እህቱ፣ ሾፌሩ። ፈታሹ ማርሹን አስገባ፣ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ፣ ዝምታውን አሰማቸው። ከዚያ ተነስቶ ተናገረ። «ጥፋቱ የኔ ነው። እሱን ባለማመኔ ቁልፏን ራሴ ልጫን ብዬ ከኋላ ተቀመጥኩ። እሱ ምንም አላጠፋም። አባባ፣ እግርዎን የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ እስኪድኑ ሐኪም ቤት የማመላልስዎም እኔ ነኝ።»

አባባ ክራንቹን አስተካከሉ። «እኔንስ በቁሜ የመኪና ዕቃ አደረግኸኝ እንጂ! እሱ ሲነዳ አንተው ከኋላ ቆመህ ብትመራው አይሻልም?» አሉ፤ ከሳቸው በቀር የሳቀ የለም።

ሴትዮዋ ለሾፌሩ የቫኑን ቁልፍ መለሱለት። «ማርያምን፣ በድዬሃለሁ» አሉት። ለፈታሹ ግን ፊት አልሰጡትም። «ይሄን ዕቃ ሌላ ሰው ያስተካክለዋል» አሉ። ፈታሹ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ።

ሾፌሩ ከኮቱ ኪስ የተጨማደደ ወረቀት አወጣ። ከሴንሰሩ ካርቶን ውስጥ የነበረ መመሪያ ነው። «ካደጋው ማግስት ቤቴ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ቁልፉን ከመጫንዎ በፊት ከኋላ ምንም ነገር እንደሌለ ያረጋግጡ ይላል። የት እንደተቀመጥክ ትዝ አለኝ። ለእትዬም ደውዬ ቫኑን ማንም ወደ ኋላ እንዳይነዳው አደራ ብያለሁ።»

«ለምን እንደሆነ አልነገርከኝም» አሉ ሴትዮዋ።

«የሚስቴን ወንድም እንዴት ልክሰስ እትዬ?»

ፈታሹ ወረቀቱን ተቀብሎ አየው፤ ፊደሉ አልያዝለት አለ። «ለነሱ ባትናገር እሺ። ለኔስ? ለምን ለብቻዬ አልነገርከኝም?»

ሾፌሩ አልሳቀም። ድምፁንም ከፍ አላደረገም። «ብነግርህ ታምነኝ ነበር፣ ጋሼ?»

እህቱ ዓይኗን ወንድሟ ላይ ተክላ ቆማለች። አዎ በለኝ የሚል ልመና ፊቷ ላይ ነበረ፤ እሱም ሊላት ፈልጎ ነበር።

«አላምንህም ነበር» አለ ፈታሹ፤ እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።