የወልደ ኪዳን ደረሰኝ፣ የአብዱረሂም ማሳ

ሐምዲያ ከቤቷ የወጣችው አንድ ነገር ለማስረዳት ነበር፤ አብዱረሂምና ወልደ ኪዳን አንድ ሰው እንደነበሩ። ሰውየው አባቷ ነው። በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ በነሐሴ፣ ወባ ገደለው። የተወላት ሮቢ ወንዝ ዳር ያለ ሦስት ጥማድ የማሽላ መሬት ነው። ከዚያ መሬት ሌላ እሷም ሆነች አክስቷ፣ የአባቷ እህት ጣይባ፣ መውደቂያ የላቸውም።

ጣልያን ሸዋ ሮቢት ከገባ ወዲህ አዋጅ ተነግሯል። መሬት ያለው ሁሉ ማስረጃውን ይዞ እስከ ጥር መጨረሻ ይቅረብ፤ ባለቤት ያልቀረበለት መሬት የመንግሥት ይሆናል፣ ጥጥ ይዘራበታል። የቀያሾቹ ችካል በኅዳር ወር ከጎረቤቷ ማሳ ደርሶ ነበር። ሐምዲያ ግን አልደነገጠችም። ማስረጃ አላት፤ አባቷ በፍየል ቆዳ ጠቅልሎ ያኖረው የሃያ ምናምን ዓመት የግብር ደረሰኝ። ይዛው ሄደች።

የጣልያኑ ሹም አስተርጓሚ ከበደ የሚባል የከተማ ሰው ነው። ደረሰኙን አገላብጦ አየና ጠየቃት።

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የአብዱረሂም።»

«ይሄ የወልደ ኪዳን ነው።»

«ወልደ ኪዳን እሱው ነው፣ ጌታዬ።»

«አብዱረሂምስ የታለ?»

«አላህ ይርሐመውና፣ ሞተ።»

«ወልደ ኪዳንስ?»

«እሱም አብሮት ሞተ እንጂ! በአንድ ጉድጓድ ነው የቀበርናቸው።»

ተራ የሚጠብቀው ሕዝብ ሳቀ። ከበደም ሳቀና ለሹሙ በጣልያንኛ አስረዳው። ሹሙ አልሳቀም። «እስላም ከሆነ የወራሽነት ወረቀት ከቃዲው ታምጣ» አለ።

ሁለቱ ስሞች ከየት እንደመጡ ማወቅ ይገባል፤ ያለዚያ የሐምዲያ ድካም ሁሉ የእብድ ሥራ ይመስላል። ነገሩ በይፋት እንግዳ አይደለም። አብዱረሂም ሲወለድ ጊዜው «ክርስትና ያልተነሳ ርስቱ አይጸናለትም» የሚባልበት ነበር። አያቷ ብልህ ሰው ነበሩ። ጨቅላውን ይዘው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ፣ አስጠመቁት፣ ወልደ ኪዳን አስባሉት፣ መሬቱን በዚያ ስም አስጻፉ። ወደ ቤት ተመልሰው ደግሞ አዛን በጆሮው አሰሙት፣ አብዱረሂም አሉት። ከዚያ በኋላ ወልደ ኪዳን በዓመት አንድ ቀን ብቻ፣ ግብር ሲከፈል ብቅ ይላል። የቀረውን ዓመት የሚያርሰውም፣ የሚጾመውም፣ የሚሰግደውም አብዱረሂም ነው። እንዲህ አድርገው መሬታቸውን ያቆዩ ቤቶች ብዙ ናቸው። ጎረቤት ያውቃል፣ ጭቃ ሹሙም ያውቃል፣ ማንም አያነሳውም።

ሐምዲያ ጣይባን ይዛ ቃዲው ሼህ ሳልህ ዘንድ ሄደች፤ እሳቸውም ገና ስታስረዳ ስምንት ጠጠር ከመሬት ለቀሙ። የውርስ ትምህርታቸው እጅግ የጠለቀ ነበርና ሲያካፍሉ ማየት ደስ ይላል። ሟች አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ከተወ ለእሷ እኩሌታው ነው፤ አራት ጠጠር ወደ ሐምዲያ ገፉ። እህት ለብቻዋ ብትሆን ሌላ ስሌት ነበራት፤ ከሴት ልጅ ጋር ስትገናኝ ግን የተረፈውን ትወስዳለች፤ አራቱን ወደ ጣይባ ገፉ። ውኃ ጠጥቶ ለመጨረስ እንኳ በማይበቃ ጊዜ ውርሱ ተከፈለ።

«የመሬቱ ደረሰኝ በማን ስም ነው?» አሉ ብዕራቸውን እየነከሩ።

«በወልደ ኪዳን፣ ሸሆቹ።»

ብዕሩ ቆመ። ሼህ ሳልህ ጠጠሮቹን መልሰው በአንድ ላይ ገፏቸው።

«ልጄ፣ ሙስሊም ከክርስቲያን አይወርስም። የአባትሽን የጀናዛ ሶላት ያሰገድኩት እኔ ነኝ፤ ማንነቱን አውቃለሁ። ግን መሬቱን የአብዱረሂም ብዬ ልጻፍ ብል፣ አብዱረሂም መሬት የለውም። የወልደ ኪዳን ብዬ ልጻፍ ብል፣ አንቺ ወራሹ አይደለሽም። መጀመሪያ ሁለቱ አንድ መሆናቸው ይረጋገጥ።»

ጣይባ ከጠጠሮቹ አጠገብ እንደተቀመጠች «ወንድሜ በቁሙ ለአንድ ሰው የሚሆን እህል አጥቶ ኖረ፤ ሲሞት ሁለት ሆነ!» አለች።

ሐምዲያ የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው። ስሕተቱም የይፋት ሰው ብቻ የሚሳሳተው ዓይነት ነው። ሁለቱን ስሞች ከሁሉ በላይ የሚያውቅ ማነው ብላ አሰበች። ጋሼ ተፈራ! አባቷን ክርስትና ያነሱት፣ የአያቷ አበልጅ። ክርስትና ያነሳና የተነሳለት ቤት አበልጅ ይባባላሉ፤ በዚህ አገር ደግሞ አበልጅነት ሃይማኖት ቢለያይም አይፈርስም። ጋሼ ተፈራ ሰባ አምስት ዓመታቸው ነው። በየዓረፋው ከአብዱረሂም ቤት የተላከላቸውን በግ የእስላም በዓል በግ ነው ብለው ሳያርዱ፣ ግን አንድም ዓመት ሳይመልሱ፣ ለገበያ እያወጡ ኖረዋል። የአበልጅን ቃል ማን ይጠራጠራል?

«ለልጄ ልጅ ካልመሰከርኩ ለማን ልመስክር?» ብለው በበቅሎ መጡ። ከበደ ፊት ቆመው ማተባቸውን ያዙ።

«በማተቤ! አብዱረሂምና ወልደ ኪዳን አንድ ነው። ከውኃው የተቀበልኩት በዚህች እጄ ነው። ማተቡን ያሰርኩለት እኔ ነኝ። እንደ እሱ ያለ ክርስቲያን አልነበረም!»

የመጨረሻዋን ቃል የተናገሩት ከፍቅር ብዛት ነው። አባቷን ማመስገናቸው ነበር። ከበደ ግን ተረጎመ፣ ጸሐፊው ጻፈ፣ ሹሙ ማኅተሙን መታበት። ሐምዲያ ከደስታዋ ብዛት የሽማግሌውን ጉልበት ሳመች። አንድ ሰው መሆናቸው ተረጋገጠላት። የትኛው ሰው እንደሆነ የተረዳችው ወረቀቱን ለሼህ ሳልህ ስታደርስ ነው።

ሼህ ሳልህ የሚያነቡት በከንፈራቸው ነው፤ ከንፈራቸው መሐል ላይ ቆመ።

«ክርስቲያን ነበረ ይላል፣ ልጄ።»

«እርስዎ ያውቁታል እኮ!»

«እኔ አውቀዋለሁ። ማኅተሙ አያውቀውም። ጣልያኑም ከሥሩ፣ የክርስቲያን ርስት ነው፣ ክርስቲያን ወራሽ ይቅረብ ብሎ አስጽፏል። አለሽ?»

የላትም። ጋሼ ተፈራን ቃላቸውን እንዲመልሱ ለመነቻቸው። አለቀሱ። «ውኃው አልነካውም ብዬ ልማል? ማተቤን ልበጥስ?» አሉ። እሷም ደግማ አልጠየቀችም።

ሼህ ሳልህ የተዉላት አንዲት ቀዳዳ ነች። አብዱረሂም ዕድሜውን ሙሉ ሙስሊም ሆኖ መኖሩን፣ ስሙም ለግብር ብቻ መሆኑን የሚመሰክሩ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቁት ሁለት ሙስሊም ወንዶች። ሐምዲያ በጣቷ ቆጠረች። እንዲህ ያሉ ሽማግሌዎች በአካባቢው ስድስት ናቸው። ሁለቱ ባለፈው ክረምት ሞተዋል። የቀሩትን አንድ በአንድ ዞረች።

ቀወት ያሉት አባ ጀይላን እርጎ አቀረቡላት። ስትጨርስ ጠብቀው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«የእኔ ደረሰኝ ማን እንደሚል ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ኃይለ ሚካኤል። ነገ ቃዲው ፊት ቆሜ 'እንዲህ ያለ ስም የግብር ስም ነው' ብል፣ አስተርጓሚው 'አንተስ?' አይለኝም? የሞተውን ማሳ ላድን ብዬ የልጆቼን ላስወስድ?»

ሁለተኛውም እንዲሁ አለ። ሦስተኛው በሩን አልከፈተም። የአባቷን ምሥጢር የሚያውቅ ሁሉ ያው ምሥጢር በራሱ ቤት አለበት። መመስከር የሚችለውም፣ ለመመስከር የማይደፍረውም ያው ሰው ነው። ወደ ቤቷ ስትመለስ ችካሉ ማሽላዋ መሐል ተተክሎ አገኘችው። ጣይባ ነቅላ አነደደችው። በማግሥቱ የብረት ተተከለ።

አሁን ጥር ተጋምሷል። ሐምዲያ ካራቆሬ፣ ሙሳ ከሚባሉ ሸማኔ ዘንድ ናት። በዝርዝሯ የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። መሬት ኖሯቸው አያውቅም፤ ስለዚህ የሚፈሩት የለም፣ ይመሰክራሉም። ችግሩ፣ ትዝ አይላቸውም። ቢያስታውሱ እንኳ አንድ ናቸው፣ ቃዲው የሚፈልጉት ሁለት ነው። ቃል በአፋቸው ማጉረስም አትፈልግም፤ ምስክርነቱ የራሳቸው ካልሆነ ሼህ ሳልህ በአንድ ጥያቄ ያፈርሱታል።

እናም ሦስተኛ ቀኗ ነው፤ ሙሳ እግራቸውን አስገብተው ከሚሸምኑበት ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጣ ማግ እያቀበለቻቸው ታወራቸዋለች። አንበጣ የወረደበትን ዓመት፣ የመስጊዱ ጣሪያ የተናደበትን ዒድ፣ ለሶላት ማን ፊት እንደቆመ፣ ማን ኋላ።

«አብዱረሂም... አንካሳው?» አሉ ሙሳ መወርወሪያውን አቁመው።

«አይደለም፣ አባባ። ደህና እግር ነበረው።»

«እህ» አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ።

ሐምዲያ የሚቀጥለውን ማግ አቀበለቻቸውና ከአንበጣው ዓመት ጀመረች።