የጋሽ ደምሴ ቀኝ እጅ

«የሞተ ሰው እጅ በስፒከር አታሰማኝ ብዬሃለሁ፣ ብሩክ።»

«እትዬ፣ ራሳቸው ናቸው እኮ የመቱት። አምና እዚሁ ክፍል ውስጥ በስልኬ ስቀዳ እርስዎም ነበሩ።»

«ስለነበርኩ ነው አታሰማኝ የምልህ። ሲስል እንኳ ይሰማል እዚያ ላይ።»

«ሳሉን ቆርጬ አወጣዋለሁ።»

«ሳሉን ቆርጠህ ምኑን ልትተውልኝ ነው?»

ብሩክ ስልኩን ኪሱ ከተተና በአገጩ ወደ እኔ አመለከተ። «ታዲያ በአርባቸው ማን ይምታ? ይሄ? ይሄ ሲመታ ይሮጣል። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ጋሽ ደምሴ ናቸው።»

«ይሩጥ» አሉ እትዬ ዘነበች። «የሚሮጠው በሕይወት ያለ ሰው ነው።»

ይህን የተባባልነው ጋሽ ደምሴን ቀብረን በተመለስን በሦስተኛው ቀን፣ ቦንጋ፣ ከገበያው በላይ ባለው ቤታቸው ነው። ድንኳኑ ገና አልፈረሰም ነበር። መርዶው ላልደረሳችሁ ወዳጆቻቸው ሁሉ ይህን መጻፍ ከብዶኛል፤ ግን ልጻፈው። ጋሽ ደምሴ፣ በወጣትነታቸው የኪነት ቡድን ጊታር ተጫዋች፣ ኋላም እስከ ጡረታቸው ድረስ የሙዚቃ መሣሪያዎች ዕቃ ቤት ጠባቂ፣ በኩላሊት ሕመም ብዙ ወራት ተሠቃይተው አርፈዋል። እትዬ ዘነበች ባለቤታቸው ናቸው። ብሩክ ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ መምህር ነው፤ ዜማውን የሚጫወተው እሱ ነው። እኔ ግጥም እጽፋለሁ፤ ከጋሽ ደምሴ የተማርኩት ግን ማጀብ ነው። ክርክራችንም ይኸው ነበር። በአርባቸው ቀን በእሳቸው ቦታ ላይ በስልክ የተቀዳ እጃቸው ይቀመጥ፣ ወይስ የእኔ ያልበሰለ እጅ?

ወደ እሳቸው የሄድኩት ጊታር ልማር ብዬ አልነበረም። በወጣት ማእከሉ ግጥም ሳነብ ከኋላዬ ቀስ ብሎ የሚጫወትልኝ ሰው ፈልጌ ነው። አንዱን ግጥሜን አነበብኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙኝና «ግጥሙ መልካም ነው፤ አንባቢው ግን አውቶቡስ ሊያመልጠው የደረሰ ይመስላል» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም። «ገጣሚው» ነበርኩ፤ ሳበላሽ ደግሞ «ባለ አውቶቡሱ»።

ጋሽ ደምሴ የሚጫወቱት ጂፕሲ ጃዝ ነበር። እንዲህ ያለ ሙዚቃ ቦንጋ ድረስ እንዴት መጣ ለምትሉ፣ በጎልማሳነታቸው ዘመን መንገድ ሊሠራ የመጣ አንድ ፈረንሳዊ መሐንዲስ ከጎናቸው ቤት ተከራይቶ ነበር። «ከሥራ ሲመለስ በረንዳው ላይ ብቻውን ሲጫወት እሰማዋለሁ» ይሉ ነበር። «ዜማው ያምራል፣ ከሥሩ ግን ምንም የለም። በርጩማ ሳይኖረው የሚቀመጥ ሰው አይተህ ታውቃለህ? አዘንኩለት።» አዝነውለት ሄዱ፤ እሱም ማጀብ አስተማራቸው፤ መንገዱ አልቆ ሲመለስ ጊታሩን ለእሳቸው ትቶ ሄደ። በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ከበሮ የለም። አንዱ ጊታር ይዘፍናል፣ ሌላው ጊታር ከበሮውን ይሆናል። ጋሽ ደምሴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሌላው ጊታር ነበሩ።

በመጀመሪያው ትምህርቴ ጊታር አልነካሁም። እጄን አስታጥበው ፎጣ ከለከሉኝ።

«አራግፈው» አሉኝ።

አራገፍኩ።

«አየህ? ክንድህ አልተነሣም። የሠራው የእጅህ አንጓ ብቻ ነው። ድምፁም እንደ ውሃው ከጣትህ ጫፍ ይውጣ።»

ብዙ ቀን ግድግዳቸውንና ሸሚዛቸውን አረጠብኩ። ከዚያ ከበሬ ቀንድ ቆርጠው የሞረዱትን፣ እንደ ካፖርት ቁልፍ የወፈረ መምቻ ሰጡኝ። ምቱ አራት ነው። አንድና ሦስት ላይ ቀኝ እጅ ክሮቹን ዳሰስ አድርጎ ያልፋል፤ ሁለትና አራት ላይ ጠንከር ብሎ ያርፋል፣ ድምፁም ወዲያው ይቆረጣል። የሚቆርጠው ግን ግራ እጅ ነው። ክሩን ተጭኖ ይይዝና ድምፁ እንደወጣ፣ ጣቱን ከክሩ ሳያነሣ፣ ላላ ያደርገዋል። «ግራ እጅህ ይተንፍስ» ይሉኝ ነበር። «ጨምድደህ ከያዝከው ድምፁ ይንዛዛል። ሙሾ አይደለም የያዝነው።» ሲያስተምሩ በአማርኛ ነው፤ ሲቆጥሩ ግን በካፊኖኖ ነበር። ምክንያቱን ስጠይቃቸው «በእናቴ ቋንቋ ካልቆጠርኩለት እጄ አይሰማኝም» አሉኝ።

ሌላ ቦታ የሚደረግ የማይመስለኝ ትምህርታቸው የዝናቡ ነው። የቦንጋን ዝናብ ታውቁታላችሁ። የሚለማመዱባት ክፍል ኮርኒስ የላትም፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ሰውን አይሰማም። ማንም ሰው ልምምድ የሚያቋርጠው ያኔ ነው፤ እሳቸው የሚጀምሩት ያኔ ነበር። ሦስታችን ፊታችንን ወደ ግድግዳ አዙረን በየማእዘኑ እንቀመጣለን። አንድ ጊዜ ወለሉን በእግራቸው ይመታሉ፤ ንዝረቱ ሲደርሰን እንጀምራለን። የየራሳችንን ጊታር እንኳ አንሰማም። ዝናቡ ሲያባራ ማን የት እንደደረሰ ይጋለጣል። ጋሽ ደምሴና ብሩክ አንድ ቦታ ናቸው። እኔ ቀድሜ ሄጃለሁ።

«ደህና ገባህ?» ይሉኛል። «እዚያስ ስትደርስ ማን ተቀበለህ?»

ብሩክ ይስቃል። እሳቸው አይስቁም። «ስማ ገጣሚው፤ በደንብ ከመታህ የሚያመሰግኑት ብሩክን ነው። ካበላሸህም የሚያሙት ብሩክን ነው። አንተን የሚያይህ የለም። ታዲያ ለማን ብለህ ትቸኩላለህ?»

አንድ ቀን ማንኪራ ጫካ ያለ ዘመዳቸው ማር ሊቆርጥ ነው ተብሎ አብረን ሄድን። ጊታር አልያዝንም፤ መንገዱ ራሱ ትምህርት ነበር። እርምጃችንን እየቆጠሩ «ዳገቱ ላይ አትዘግይ፣ ቁልቁለቱ ላይ አትሩጥ» ይሉኛል። በጫካው መሐል እንጨት የተሸከሙ አሮጊት አገኘን። ጋሽ ደምሴ ቁጥሩን ሳያቋርጡ ሸክሙን ከሴትዮዋ ጀርባ ወስደው በራሳቸው ትከሻ ላይ አደረጉት፤ እርምጃቸው አልተለወጠም። ሴትዮዋ በካፊኖኖ አንድ ነገር አሏቸው። ምን እንዳሉ ስጠይቅ «ይህ ሰውዬ አብዷል ወይ፣ ምን ይቆጥራል፣ ነው ያሉኝ» ብለው ሳቁ።

ዋጫ ከተማም በአንድ ሠርግ ተጫውተን ነበር። ሁለት ዜማ እንደጨረስን አንዱ ሚዜ ቀረበና «ጋሼ፣ ይሄ የፈረንጅ ግልቢያ መቼ ነው የሚያበቃው? እኛም እኮ እግር አለን» አላቸው። ብሩክ ተቆጥቶ ጊታሩን ሊያስቀምጥ ሲል በክርናቸው ነካ አደረጉት። ምታቸውን አንድም ጊዜ ሳያቆሙ፣ ሴቶቹ ከዳር የጀመሩት የሠርግ ዘፈን ሥር ገቡ። ጭብጨባው ተያያዘ፤ አዳራሹ ተነሣ። በመጨረሻ ያ ሚዜ መጥቶ ብሩክን አቀፈና «አሁን ገና አወቅክበት» አለው። ጋሽ ደምሴ ወደ እኔ ዞረው በዓይናቸው ጠቀሱኝ።

ብሩክ በተመደበ በመጀመሪያው ክረምት ታይፎይድ ጥሎት ነበር። በከተማው ዘመድ የለውም። ጋሽ ደምሴ ከኪራይ ክፍሉ ደግፈው አውጥተው ቤታቸው አስተኙት። እትዬ ዘነበች አጥሚት ያጠጡታል፤ እሳቸው ራስጌው ተቀምጠው የአልጋውን እንጨት በጣታቸው ይመታሉ። «ሲቃዥ ሩቅ እንዳይሄድ ነው» ይሉ ነበር። ብሩክ ድኖ እንኳ ከዚያ ቤት አልወጣም፤ ከረመ። ልጅ ያልወለዱት ባልና ሚስት ልጅ አገኙ።

ከዚያ ሕመሙ መጣ። መጀመሪያ ፊታቸው፣ ቀጥሎ እጃቸው አበጠ። የግራ ጣቶቻቸው ክር መጫን ተሳናቸው። ያኔ አጠገባቸው ያስቀምጡኝና የጊታሩን አንገት እኔ እይዛለሁ፣ እሳቸው ይመታሉ። አንድ ጊታር ለሁለት ሰው። ቀኝ እጁ የእኔ ስላልሆነ ልቸኩል ብል እንኳ አልችልም። ማጀብ ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ የሚያስተምረኝ ሰው ዓይኔ እያየ ሲያልቅ። ጅማ ሆስፒታል ተመላልሰው ከመጡ በኋላ ቀኝ እጃቸውም ጭናቸው ላይ ቀረ።

ስለ መጨረሻ ቃላቸው ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ገጣሚ ነው ብለው አንድ የሚያምር ነገር ይጠብቃሉ። ጋሽ ደምሴ በመጨረሻ ስለ ሙዚቃ ምንም አልተናገሩም። የጠየቁት ውሃ ነው። ሐኪም በልክ እንዲጠጡ አዝዞ ስለነበር እትዬ ዘነበች ከንፈራቸውን በእርጥብ ጨርቅ አበሱላቸው። ደግመው ጠየቁ። ደግመው አበሱላቸው። ያለው ይኸው ነው፤ ሌላ የሚጨምር ሰው ካለ አትመኑት።

ከዚያ ክርክር በኋላ እስከ አርባቸው ድረስ ብሩክና እኔ ስንለማመድ ሰነበትን። ፊቱን አዙሮብኝ ነበር የሚጫወተው። ስሮጥ ዜማውን ያቆምና መስኮቱን ያያል። «እንደ እሳቸው ስደበኝ እንጂ» አልኩት አንድ ቀን። «እንደ እሳቸው መሳደብ ባውቅ ምን ነበረበት» አለኝ።

ጋሽ ደምሴ፣ የአርባዎን ቀን ልንገርዎት።

ጸሎቱ አብቅቶ ካህናቱ ከተሸኙ በኋላ፣ ጎረቤቱም በልቶ ጠጥቶ ሲበተን፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ሦስታችን ወደ ክፍልዎ ገባን። እትዬ ዘነበች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ብሩክ ስልኩን አላወጣም። «ጀምር» አለኝ ብቻ።

ጀመርኩ። ጥቂት ጠብቆ ገባ። እርስዎ የሚወዱትን፣ በመጨረሻው ላይ ደረጃ በደረጃ የሚወርደውን ዜማ ነው የመረጠው። አንዱን ዙር ጨርሰን ሁለተኛውን ያዝን። አልሮጥኩም። እጄ የት እንዳለ አውቅ ነበር፤ የት እንደሚሄድም። እትዬ ዘነበች ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። በሁለተኛው ዙር መካከል ብሩክ አቆመ። ዜማ የያዘው ሲጠፋ አጃቢው ምቱን ይዞ ይጠብቀዋል። ጠበቅኩት። አልተመለሰም።

«ሮጥኩ?» አልኩት፣ እጄን ሳላቆም።

«አልሮጥክም።»

«ታዲያ ምን ሆንክ?»

«ምትህ ልክ ነው። እሱ ነው የቸገረኝ። ዓይኔን ጨፍኜ እሳቸው ናቸው እላለሁ፤ ስገልጥ አንተ ነህ።» ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋደመው። «ብትሮጥ ይሻለኝ ነበር።»

«ልጄ፣ የዛሬን ብቻ ጨርሰው» አሉት እትዬ ዘነበች።

«አልችልም፣ እትዬ። ዝውውሬም ወጥቷል። ልነግርዎት ነበር።»

«የት?»

«ሐዋሳ።»

እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን ከፊታቸው አውርደው እጃቸውን አዩ።

እንግዲህ ጋሽ ደምሴ፣ ቦንጋ አንድ አጃቢ አላት፤ የሚያጅበው የለውም። ይህን በመሰናበቻ ላይ ማንሣት ነውር ይሆናል፤ ግን ከእርስዎ በቀር ለማን ብናገረው ይገባዋል? የሰጡኝን ነገር ብቻዬን ምን እንደማደርገው አላውቅም። አልተወውም። ከሥር ሆነው ያቆሙት ሁሉ፣ ማን እንዳቆመው ባያውቅም፣ ዛሬ ጎድሎበታል። መምህሬ፣ ጥም በሌለበት ያሳርፍዎ። ደህና ይሁኑ።

ያን ዕለት ብሩክ ጊታሩን ከረጢቱ ውስጥ ከተተ። ጎንበስ ብሎ የእትዬ ዘነበችን ጉልበት ሳመ። በአጠገቤ ሲያልፍ ትከሻዬን ያዝ አድርጎ ለቀቀኝ፤ ፊቴን አላየም። እኔ አሁንም ምቱን እየመታሁ ነበር። ወጣ፤ በሩንም ከውጭ ስቦ ዘጋው።