ሳይለካ ዋጋ የለም

ልብስ ሰፊዋን ሰፈሩ «እትዬ መርፌ» የሚላት በቅጥነቷ ነው። በምላሷም ነው የሚሉ አሉ፤ ፊት ለፊቷ ግን አይሉትም። ሃያ ዓመት ሙሉ ደንበኛዋን ሁለት ጊዜ ሳትለካ ጨርቅ ቆርጣ አታውቅም። «የዓይን ልክ ለሐሜት እንጂ ለሱሪ አይሆንም» ትላለች።

አንድ ቀን ጎረቤቷ ዳቦ ጋጋሪው የዱቄት ጋሪውን እንደ ልማዱ በጥድፊያ ወደ ኋላ ሲስብ፣ ቀኝ አውራ ጣቷን ከሱቋ በር ጋር አጣብቆ ሰበረው። ክፉ ሰው አይደለም። የሕክምናዋንም፣ ሥራ ፈትታ የከረመችበትንም ከፍሏል። ስለ ሕመሙ ሲነሳ ግን «እትዬ፣ አልፎ የለም እንዴ?» አላት። ይሄ ቃል ከጋሪው ይልቅ አመማት። ያ ሁሉ ስቃይ እንዳልነበረ ሊሆን ነው? ከሰሰችው።

ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው «ለሕመሙ ስንት ይጠይቃሉ?» አሏት።

ለኮት፣ ለቀሚስ ዋጋ መጥራት ማን ብሏት! ለሕመም ግን ዋጋ ጠርታ አታውቅም።

«ጌታዬ፣ እኔ ሳልለካ ዋጋ አልጠራም» አለች። «ከፈቀዱልኝ እሱን ልለካው።»

ዳኛው ግራ እየገባቸው ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ። ከቦርሳዋ ቁራጭ ጨርቅ አውጥታ የጋጋሪውን ቀኝ አውራ ጣት ከመዳፉ ጋር ጠፍራ አሰረችው።

«በል፣ የኮትህን ቁልፎች ፈትተህ መልሰህ ቆልፍ።»

«ይሄማ የልጅ ጨዋታ ነው!» ብሎ ሳቀ። አንዱን ቆለፈ። ሁለተኛው ላይ አላበው። ሦስተኛው ላይ ሳቁ ቆመ። የችሎቱ ጸሐፊ ግን ሳቋን በመዝገብ ሸፈነች።

«ሳያመኝ ነው እኮ እንዲህ የሆንኩት» አለ ቀስ ብሎ። «እርስዎ ደግሞ እያመመዎት... ሦስት ወር?»

«ሦስት ወር ከአሥር ቀን። ፀጉሬን እንኳ ሰው ነው ሲያበጥርልኝ የከረመው።»

ጋጋሪው አንገቱን ደፋ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። እኔ ረስቼው ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ» አለና ዋጋውን ራሱ ጠራ። ጸሐፊዋ ብዕሯን ከማንሳቷ እትዬ መርፌ ጮኸች፦

«ኧረ ሰፋብኝ! በግማሽ ይጥበብልኝ!»

ዳኛው ሳይቀሩ ሳቁ።

ኮሪደሩ ላይ ኮቱ እንደተዛነፈ ሊሄድ ሲል ጠራችው።

«ና ወዲህ! እንዲህ ሆነህማ ጎረቤቴ ነህ አልልም።»

በዚያው ባልጠና ጣቷ፣ ቀስ እያለች፣ ከላይ እስከ ታች ቆለፈችለት። ጥድፊያ የማይለቀው ሰውዬ አምስተኛው ቁልፍ እስኪገባ አገጩን ቀና አድርጎ ቆመላት።