ጤና የማትለዋ ምራት

እኔ ሰው የማድነቅ ልማድ የለኝም። በጃንሆይ ጊዜ ነቀምቴ ላይ ያየኋቸው አስታራቂዎች ምክራቸው ጠላው እስኪያልቅ ነበር። ፊደል የቆጠርኩትም ጢሜ ካበቀለ በኋላ ስለሆነ የተማረ ሰው ቶሎ አያስደንቀኝም። በኦሮምኛው አክብረን ኦቦ የምንላቸውን አንድ የነቀምቴ ሽማግሌ ግን አደንቃለሁ። ድሮ የሚስዮን ድሬሰር ነበሩ፤ መርፌውን ትተው በረንዳቸው ላይ የተጨነቀ ሰው ማነጋገር ያዙ። ካህኑም፣ ሚስዮን ያስተማረውም፣ የጎጃም ነጋዴም፣ የኡኬ ገበሬም ይመጣባቸው ነበር።

ነቀምቴ አጠገብ፣ ዲጋ ላይ የኦሮሞ ልጅ አግብቼ ስኖር እናቴ አባይን ተሻግራ መጣችና ወባ ጣላት። ጎረቤቱ ሁሉ «እግዜር ጤና ይስጥዎ» ይላል። ሚስቴ ብቻ፣ በገበያ አማርኛዋ፣ «እግዜር ያንሳዎ» ትላለች።

«ሰማህ?» አለች እናቴ። «ያንሳዎ አለችኝ! ሬሳ ነኝ የምነሳ? ቅዳሜ አባቷ ቤት ካልሰደድካት እኔ አገሬ እገባለሁ።»

ሚስቴን ብጠይቃት አንገቷን ደፋች። ልሰድዳት ቆርጬ ነበር። ወደ ኦቦው የወሰድኳትም አማቶቼ ሳያስመክር ፈታ እንዳይሉኝ ነው።

«አከም ጂርታ? ሎን ነጋ?» አሉ ኦቦው፤ ደህና ነሽ፣ ከብቱስ ደህና ነው ማለታቸው ነው። ከዚያ ስለ አባቷ ከብት፣ ስለ ጥጃው፣ ስለ ዳጉሳው ይጠይቋት ጀመር። ሰለቸኝ።

«ኦቦ፣ የመጣነው ስለ ላም ነው እንዴ?»

«አንተ ደርሰሃል፤ እሷ ገና አልደረሰችም» አሉኝ።

እውነትም ቀስ በቀስ ትከሻዋ ላላ። ለምን ትራገሚያለሽ አላሏትም። «የባልሽ እናት ስማቸው ማነው?» ብቻ አሉ። አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ወደ እኔ ዞሩ፤ ነገርኳቸው። የእናቴ ስም «ጤና» በሚል ቃል ይጀምራል።

ኦቦው ሳቃቸው መጣ። «ይኸው ነዋ! በኛ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ስሙ ውስጥ ያለውንም ቃል ትዘለዋለች። ጤና ብትል እናትህን ደፈረች ማለት ነው።»

«ታዲያ ለምን አትነግረኝም?»

«በምን አፏ? ለመንገርም እኮ ቃሉን መጥራት አለባት!»

እናቴ ዘንድ ራሳቸው ዲጋ ድረስ መጡ። መደቡን ለእሷ ትተው ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ደብሯን ጠየቁ፤ ታቦቱን ጠየቁ። ሚስዮን ያስተማራቸው መሆናቸውን ብታውቅም ደስ አላት። ስለ ኦሮሞ ባህል አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ፣

«እመት፣ ሙሽራ ሳሉ የባልዎን አባት በስማቸው ይጠሯቸው ነበር?» አሏት።

«በስማቸው? ምላሴ ይቆረጥ! ጌታዬ ነበር የምላቸው።»

«ይቺም ምላሷ እንዳይቆረጥ ፈርታ ነው» ብለው ነገሩን ዘረዘሩላት። ያንሳዎ ያለቻትም በኦሮምኛው ከአልጋ ያስነሳዎ ማለቷ እንደሆነ አስረዷት።

እናቴ ናትና መሸነፍ አትወድም።

«ይሁን። ግን ያንሳዎ አትበለኝ፤ ደሜን ያፈላዋል።»

«ምን ትበልዎ?»

«ይማርዎ ትበል። ይሄ እንኳ ስሜ ውስጥ የለም።»

ሚስቴ ከጓዳ ሆና ትሰማ ኖሮ ሮጣ ወጣችና እናቴ ጉልበት ላይ ተደፋች። «ይማርዎ፣ እማ። ይማርዎ።»

«በቃ፣ በቃ፤ ትኩሳቱን አባባስሽው» አለቻት እናቴ፣ እጇን ግን ከሚስቴ ራስ ላይ አላነሳችም።