ጋሽ ገብረጻድቅ የቀቡት አውሮፕላን

ጋሽ ገብረጻድቅ ሠላሳ ስምንት ዓመት የጭነት መኪና ሲቀቡ ኖረዋል። ቃሊቲ ካሉት ጋራዦች በአንዱ፣ የተጋጨ ካቢና ላሜራው ተቀጥቅጦ፣ ስቱኮው ተለስኖ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ሲያልቅ መኪናው የሚሰጠው ለእሳቸው ነበር። የቀቡትን መኪና ከጅቡቲ ሲመለስ በአቧራው ውስጥ ለይተው ያውቁታል ይባላል። እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። እኔ የማውቀው፣ አቃቂ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ጎረቤታሞች ሆነን ስንኖር፣ ጥፍራቸው ሥር ቀይ ወይም ሰማያዊ ሳይኖር ያየሁበት ቀን እንዳልነበረ ነው።

ኋላ ሳንባቸው ታመመ። ሐኪሙ የደረታቸውን ፎቶ ብርሃን ላይ አንስቶ አየና፣ ከእንግዲህ ቀለም ቤት እንዳይገቡ ከለከላቸው። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እስከ ዋናው መንገድ በእግራቸው ይሄዳሉ፤ ዘኪያ ሱቅ ደጃፍ አረፍ ይላሉ፤ ይመለሳሉ። ጥፍራቸው ነጣ። ሰላም ስላቸው እጃቸውን ማየት ይከብደኝ ጀመር።

ስለ እሳቸው ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ታሪክ አለ። በ1975 ዓ.ም.፣ የሃያ አምስት ዓመት ጎረምሳ ሳሉ፣ ቦሌ የአውሮፕላን ቀለም ቀቢ ይፈለጋል ተብሎ ሄደው ተፈተኑ። ክንድ የምታህል የአሉሚኒየም ቁራጭ ሰጧቸው፤ ቀቡ። ፈታኙ በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አድርጎ አየና «ሰኞ ና» አላቸው። ሰኞ ለመቅረብ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልግ ነበር። የዚያን ጊዜው ሊቀመንበር በታላቅ ወንድማቸው ላይ ቂም ይዞ ነበር፤ ደብዳቤውን አልጽፍም አለ። ሰኞ አለፈ። በማግስቱ ወደ ጭነት መኪናቸው ተመለሱ።

ይህን ታሪክ ለቅሶ ቤት ሰምቼዋለሁ፣ ሠርግ ቤት ሰምቼዋለሁ፣ ዕድር ስብሰባ ላይ አጀንዳው ሳይጀመር ሰምቼዋለሁ። ሲያወሩ አውሮፕላን በላያችን ዝቅ ብሎ ካለፈ ንግግራቸውን ያቋርጣሉ። እስኪጠፋ በዓይናቸው ይሸኙታል፤ ከዚያ ካቆሙበት ይቀጥላሉ።

ዘኪያ ሱቅ ደብተር፣ እስክሪብቶና የተማሪ ቦርሳ ነው የሚሸጠው። ወንድሟ ሀይረዲን ከዱባይ ከሚያስመጣው ዕቃ መካከል አንድ ጊዜ ማንም ያላዘዘው ሣጥን ተቀላቅሎ መጣ። ላዩ ላይ ነጭ የመንገደኛ አውሮፕላን ተስሎበታል፤ ውስጡ ያው አውሮፕላን ገና ሳይገጣጠም፣ በፕላስቲክ ዘንግ ላይ እንደተንጠለጠለ ቁርጥራጭ ተኝቷል። የሚገዛው ጠፍቶ ሁለት ዓመት መደርደሪያ ላይ ቆየ፤ ጠርዙን ፀሐይ አደበዘዘው። ባለፈው ዓመት ጥር ውስጥ ቀይ እስክሪብቶ ልገዛ ገብቼ ሳለ ጋሽ ገብረጻድቅ በብትራቸው ወደ ላይ አመለከቱ።

«እሱን አውርጂልኝ እስቲ።»

«ለልጅ ልጅ ነው አባባ?» አለች ዘኪያ በርጩማ ላይ እየወጣች።

«ለራሴ።»

«ለራስዎ? እንግዲያው አብራሪም ልፈልግልዎት።»

«አብራሪ ምን ያደርግልኛል? ቀቢ እንጂ የሚያስፈልገው።»

ዘኪያ ሣጥኑን በጨርቅ እየወለወለች ሳቀች። እሳቸው አልሳቁም።

በዚያው ቅዳሜ አስጠሩኝ። መመሪያው በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንባቢ ያስፈልጋቸው ነበር፤ ከሰፈሩ ዩኒቨርሲቲ የደረሰ ሲባል ደግሞ መጀመሪያ የምጠራው እኔ ነኝ። ስገባ ባለቤታቸው እትዬ አቻምየለሽ በር ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር።

«ግባ ልጄ፣ ጓደኛህ ውስጥ እየተጫወተ ነው» አሉኝ። «የስልሳ ሰባት ዓመት ሽማግሌ አሻንጉሊት ገዝቶ ገባ። ነገ ደግሞ ብስኩት አምጪ ይለኝ ይሆናል።»

አምስት ቅዳሜና አምስት እሑድ ከሰዓት በኋላ እዚያ ቤት አሳለፍኩ። እኔ አነባለሁ፤ እሳቸው ቁራጩን ከዘንጉ በምላጭ ይለያሉ፣ ጠርዙን ይፍቃሉ፣ በማስቲሽ ያጣብቃሉ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ዕቃው ላይ ሲያርፍ ግን ይረጋል። የአካሉ ሁለት ግማሾች የተጋጠሙበትን መስመር በስሱ ስቱኮ ለስነው፣ ፍቀው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በአውራ ጣታቸው ከአፍንጫው እስከ ጭራው ይዳብሱታል። «እዚህ ጋ አለች» ይላሉ፤ እኔ በዓይኔ የማላያትን ጉብታ እንደገና ይፍቃሉ። አውሮፕላኑ ከክንዳቸው አይረዝምም ነበር። አምስተኛው እሑድ ላይ ክንፉን ዘርግቶ ጠረጴዛው ላይ ሲቆም፣ እትዬ አቻምየለሽ እንኳን መጥተው በቀስታ ዞሩት።

ያን ቀን ነው ጋሽ ገብረጻድቅ የነገሩኝ።

«አየህ፣ አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ እችል ነበር እያልኩ ኖርኩ። ሰው ሁሉ ሰምቶኛል። ግን አንዲት ቁራጭ ቆርቆሮ ነው የቀባሁት፤ አውሮፕላን አልቀባሁም። ይቺን አሳምሬ ከቀባኋት ያ ሥራ የኔ ነበር ማለት ነው። ካበላሸኋት ግን…»

«ካበላሸሃት ሊቀመንበሩን መርገም ትተዋለህ፤ እኔም ጆሮዬ ያርፋል» አሉ እትዬ አቻምየለሽ። «ደግሞስ ሐኪሙ ቀለም አትንካ አላለህም?»

«የከለከለኝ የመኪና ነው።»

የቀረው የመመሪያው የመጨረሻ ገጽ ነበር። ስለ ቀለም ነው። ከታች፣ በጥቁር መስመር በታጠረ ሣጥን ውስጥ፣ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ነበሩ፤ ዓይኔ አርፎባቸዋል። «ጋሼ፣ ስለ ቀለሙ እዚህ ጋ አንድ ነገር…» አልኩ።

«ቀለሙን ለኔ ተወው።»

በቁጣ አልነበረም የተናገሩት፤ እንዲያውም ፈገግ ብለው ነው። እኔም ወረቀቱን አጠፍኩት። ሠላሳ ስምንት ዓመት ቀለም ሲረጭ ለኖረ ሰው፣ የአባቴ እኩያ ለሆነ ሰው፣ ስለ ቀለም ከወረቀት ማንበብ ድፍረት መሰለኝ። እንዲህ ነው ያደግሁት። በዚያ ላይ ደስታቸውን ላለማቋረጥ ብዬ ነው። ይህን ሁለተኛውን ምክንያት ኋላ ብዙ ጊዜ ለራሴ ደጋግሜዋለሁ፤ ሲደጋገም ግን እየሳሳ ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት ቃሊቲ ሄድን። የጋራዡን ቀለም ቤት አሁን የያዘው ቡልቻ ነው፤ ሥራውን ከእሳቸው የተማረ ነው። የድሮ ቱታቸውን ከምስማር ላይ አውርዶ ሰጣቸው፤ ሰፍቷቸው ነበር። ሠራተኞቹ መዶሻቸውን እየጣሉ መጥተው ከበቡን።

«ጋሼ፣ ባለ ስንት ቶን ናት?»

«ታርጋዋ ኮድ ሦስት ነው ወይስ የቤት?»

«ኧረ ተሳቢዋን የት አስቀመጧት?»

«እናንተ፣ ኮምፕሬሰሩን አስነሱና ዝም በሉ» አሉ ጋሽ ገብረጻድቅ፤ አንዱ ሮጦ አስነሳው። እሳቸው አፍንጫና አፋቸውን በመከላከያ ሸፈኑ። ነጩን ቀለም በቲነር አቀጥነው፣ በእንጨት ጫፍ አንጠባጥበው አዩት። አውሮፕላኑን በሽቦ ጣሪያው ላይ አንጠልጥለውታል።

የመጀመሪያው ቅብ እንደ ጉም ነበር። ከሩቅ፣ ስስ አድርገው፣ እጃቸው ሳይቆም አንድ ጊዜ ብቻ አለፉበት። ግራጫው ፕላስቲክ ቀስ ብሎ ነጣ። ቡልቻ ወደኔ ዘንበል ብሎ «እጃቸውን አየህ? አንድ ቀን እንኳን ያቆሙ አይመስሉም» አለኝ። ጋሽ ገብረጻድቅን አሳላቸው፤ ጥቂት ቆዩ፤ ቀለሙን በትንሽ ጣታቸው ጀርባ ነክተው መድረቁን አረጋገጡ። ከመከላከያው በላይ የሚታየው ዓይናቸው ብቻ ነበር፤ እሱም በርቷል። እንዲያ ሆነው አይቻቸው አላውቅም።

የጭነት መኪና ሁለተኛ ቅብ ርጥብ ነው፤ የሚያንጸባርቀውም ለዚያ ነው። ጠጋ ብለው፣ አጥግበው ረጩት። አውሮፕላኑ እንደ መስታወት አበራ። አንዱ ልጅ አጨበጨበ።

መጀመሪያ ያየው ቡልቻ ነው፤ ግን አልተናገረም። አካሉ ላይ፣ በመስኮቶቹ መስመር፣ ወተት ላይ እንደሚቆም ስልባቦት ያለ መጨማደድ ታየ። እየሰፋ ወደ ጭራው ሄደ። በስቱኮ የጠፋው መጋጠሚያ አፉን ከፈተ። ከዚያ የግራው ክንፍ ጫፍ፣ ቀስ ብሎ፣ ወደ ታች መጠፍ ጀመረ። ጋሽ ገብረጻድቅ በእጃቸው ሊደግፉት ዘረጉ፤ ጣታቸው ውስጡ ገባ።

ኮምፕሬሰሩን አንዱ አጠፋው። እሳቸው ጣታቸውን በጨርቅ ጠረጉ፤ ቱታውን አውልቀው ምስማሩ ላይ መልሰው ሰቀሉት።

«ቲነሩ ምን ሆነ?» አሉ፤ ማንን እንደጠየቁ አልታወቀም።

በሣጥኗ ውስጥ የነበሩትን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ያን ጊዜ ቃል በቃል አስታወስኳቸው። አፌን ከፍቼ እዚያው፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ልናገር ይገባ ነበር። አልተናገርኩም። ወደ አቃቂ በተሳፈርንበት ሚኒባስ ውስጥ እሳቸው በመስኮቱ ወደ ውጭ ሲያዩ፣ እኔ ደግሞ ጫማዬን ስመለከት ደረስን።

ሦስት ሳምንት ቤታቸው አልሄድኩም። ጋሽ ገብረጻድቅ የጠዋቱን መንገዳቸውን አቋረጡ፤ ዘኪያ ሁለት ጊዜ «አባባ ታመሙ እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ኋላ እትዬ አቻምየለሽ ራሳቸው ቤቴ መጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ፤ ውኃም አልጠጣም አሉ።

«ስለ ሊቀመንበሩ ምን አለ መሰለህ?» አሉኝ። «‹ሰውዬው ደብዳቤውን ቢጽፍልኝም በሳምንቴ ነበር የሚያባርሩኝ፤ በከንቱ ነው ስረግመው የኖርኩት› አለ። እኔ ያ እርግማን ሰልችቶኝ ነበር፤ ታውቃለህ። አሁን ዝም ሲል ግን ቤቱ ጠበበኝ። ያኮረፈ ሰው ይሻላል። ይሄ አኩርፎ አይደለም።»

በማግስቱ መመሪያውን በኪሴ ይዤ ሄድኩ። ጋሽ ገብረጻድቅ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነበር። እጃቸውን ስስም ጥፍራቸው ሥር ነጭ ቀለም አለ።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ። «እርስዎ ምንም አላጠፉም። ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ነበር፤ እኔ ነኝ ያላነበብኩልዎት።»

ዘረጋሁት፤ እየተረጎምኩ አነበብኩ። «ለፕላስቲክ ከተሠራ ቀለም በስተቀር አይጠቀሙ። የመኪና ቀለምና ቲነር ፕላስቲኩን ያሟሟል።»

መነጽራቸውን አደረጉ። «የመኪና ቀለም ይላል?»

«ይላል።»

«የቱ ጋ?»

ጣቴን አኖርኩበት። ጎንበስ ብለው ብዙ አዩት።

«መኪና የሚለው ይቺ ናት?»

«አዎ።»

«አጭር ናት» አሉ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው አጠፉት፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ፈገግ ሲሉ አየኋቸው። «ቁርጥ አባትህን ነህ። የኛ ትንሿ ልጅ ሆስፒታል ተኝታ ሳለች አባትህ ጠዋት ጠዋት ይመጣና ‹ሐኪሙን አግኝቼው ነበር፤ እየተሻላት ነው አለኝ› ይለኛል። ሐኪሙን በዓይኑም አላየውም። ኋላ ነው የሰማሁት። ደግ ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማረው።»

«ጋሼ፣ ይሄ እንደዚያ አይደለም። እውነቴን ነው። ሀይረዲን እንግሊዝኛ ያነባል፤ ይጠይቁት።»

«ለሱም ነግረኸው ይሆናላ።»

«ማንንም አላናገርኩም። ስለ ቀለሙ አንድ ነገር አለ ስልዎት፣ ለኔ ተወው ብለውኝ…»

«ይሁን እሺ» አሉና ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ፤ የሚያባብሉት እሳቸው ሆኑ። «ተጽፎ ቢሆን ኖሮማ ያኔውኑ ታነብልኝ አልነበር? ይህን ሁሉ ቀን አጠገቤ ቁጭ ብለህ ስታነብልኝ ከርመህ፣ እንዲህ ያለችውን ትዘላታለህ? አንተ ጠንቃቃ ልጅ ነህ።»

ወረቀቱን ራሳቸው በመስመሩ አጥፈው መለሱልኝ።

«አቻሜ፣ ምሳ አቅርቢ» አሉ ወደ ጓዳ። «ልጁ አልበላም።»

በልቻለሁ ብል አልሰሙኝም። እትዬ አቻምየለሽ ትሪውን ይዘው ሲገቡ ፊቴን አዩ፤ ከዚያ የባላቸውን፤ ከዚያ ምንም ሳይጠይቁ የእጅ ውኃ አመጡ። ታጠብኩ። ጋሽ ገብረጻድቅ ወደኔ በኩል ወጡን እየገፉልኝ ብላ፣ ብላ እንጂ ይሉኛል። በላሁ።