ፀጉር አስተካካዩ የከረከመው ፓርስሊ

የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ እጁ ወርቅ ነው፤ አፉም ሥራ አይፈታም። ሃያ ዓመት ሙሉ ጭንቅላቴን እየላጨ የዓለሙን ወሬ ሁሉ ነግሮኛል። በዚያ የብርድ ወራት አንድ ቀን ዝም ብሎ ፎጣውን አንገቴ ላይ ሲያስር፣ ነገር እንዳለ ወዲያው ገባኝ።

ሚስቱ ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ እህል አልቀምስ ብላለች። የቀረበላት ሁሉ ብረት ብረት ይላታል። ካልበላች መድኃኒቱ ብቻውን አያድናትም ብሎታል ሐኪሙ። የሚወርድላት ፓርስሊ የሚሉት መዓዛማ ቅጠል ተከትፎ የተበተነበት ሾርባ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ብርድ ሲገባ ከገበያ ይጠፋል። ደግነቱ ከመታመሟ በፊት በሦስት ረጃጅም ጣሳዎች ዘርታው ነበር፤ ሥሩ ወደ ታች ስለሚረዝም አጭር ዕቃ አይበቃውም። ቤታቸው ፀሐይ ስለማይገባው፣ ባልየው ጣሳዎቹን ፀጉር ቤቱ መስኮት ላይ ደርድሯቸዋል።

ታዲያ ምን ሆነ ብዬ ጠየቅሁት። በመቀሱ ወደ መስኮቱ ጠቆመኝ። በሦስቱም ጣሳ ላይ ቢጫ ጉቶ ብቻ ቆሟል።

ሰውየው ያልተስተካከለ ነገር ማየት አይችልም። ሾርባ በተሠራ ቁጥር ሦስቱንም በማበጠሪያ እየለካ፣ ከላይ እንደ ወታደር ፀጉር እኩል ሲከረክማቸው ከርሟል። ከመሃል የሚወጣውን ለጋ ቅጠል ሁሉ በገዛ እጁ ጨረሰው። ሳቄ መጣ፤ ፊቱን ሳይ ዋጥኩት።

ተራ ይጠብቁ የነበሩ አንድ ጡረተኛ አትክልተኛ ተነስተው አፈሩን በጣታቸው ጫር ጫር አደረጉ።

“ሥሩ ደህና ነው” አሉ። “ልጄ፣ ይሄ ፀጉር አይደለም። ዳር ዳሩን ከሥሩ ቁረጥ፣ መሃሉን አትንካ። ለአሁኑ ግን እጅህን ሰብስብ።”

እጅ መሰብሰብ ለእሱ ከባድ ቅጣት ነው። አፈሩ ሲደርቅ ብቻ ውሃ እየሰጠ ጠበቀ። ቤት ደግሞ ሚስቱ ባዶውን ሾርባ ሁለት ማንኪያ ቀምሳ ትመልሰዋለች። ሁለት ሳምንት አለፈ፣ ሦስት ሆነ። እኔም ጭንቀቱ ተጋብቶብኝ ፀጉሬ ሳያድግ እየሄድኩ ወንበሩ ላይ እቀመጥ ጀመር።

በአራተኛው ሳምንት ገና በሩን ስከፍት ክንዴን ይዞ ወደ መስኮቱ ወሰደኝ። ከጉቶው መሃል ጥፍር የምታህል የተጨማደደች ቅጠል ብቅ ብላለች። ሌሎቹም ተከተሉ። ትንሽ ቀን ታግሶ ጎንበስ አለና የዳር የዳሩን ከሥሩ ቆረጠ። ሚስቱ እንድታየው ብሎም አንዱን ጣሳ አቅፎ ወደ ቤት ሄደ።

በማግስቱ ስደርስ አፉ ተፈቷል። ሳህኑን ጠርጋ በልታ ጨምርልኝ ብላዋለች።

“ጣሳውን አየት አድርጋ ‘ምነው ዛሬ ሳታስተካክለው ቀረህ?’ አትለኝም? ከታመመች ወዲህ ስትቀልድብኝ የመጀመሪያዋ ነው። እፎይ አልኩ፣ ወንድሜ።”

እንዲህ እያወራ ግማሽ ጭንቅላቴን ላጭቶ ሌላውን ረሳው። እኔም አላስታወስኩትም።